ከድምፅ እስከ ጥራዝ፦ ድሬዳዋ ላይ የሕይወት ታሪክን መጽሐፍ የሚያደርግ ቤት ሲመዘን

ከዚራ ሠፈር ውስጥ፣ ከአሮጌው ምድር ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ዛፎቹ ጥላ በጣሉበት መንገድ ዳር አንድ ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለ። በሩ ላይ ከተዘረዘሩት ሥራዎች የመጨረሻው «የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ እናዘጋጃለን» ይላል። እዚህ የሚመዘነው ያ የመጨረሻው መስመር ነው። ሥራው አራት ደረጃ አለው፤ ድምፅ መቅዳት፣ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ ማረም፣ ለኅትመት ማሰናዳት። የቤቱ ስም አይነሳም፤ ድክመቱ በሌሎች መሰል ቤቶችም የሚታይ ስለሆነ አንዱን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም።

ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ቤቱ ሰው ማናገር ያውቅበታል፣ በጣም ያውቅበታል። እርማቱ ላይ ግን በቀረጻ ያገኘውን መልሶ ያጠፋል። ይህን አውቆ የሚገባ ደንበኛ ጥሩ መጽሐፍ ይዞ ይወጣል፤ ሳያውቅ የሚገባው ደግሞ የማንም ሊሆን የሚችል መጽሐፍ ይረከባል።

ሰው «ልጻፍ» ብሎ የሚነሳው ብዙ ጊዜ አንድ ከዓይኑ ያልጠፋ ነገር ስላለ ነው። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የመጣበት ሌሊት፣ ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር ጨርቅ ወገቧ ላይ ጠምጥማ ፍተሻ ያለፈች እናት፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ። የቀረው ምዕራፍ ሁሉ በዚያ ዙሪያ የሚሰበሰብ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው አገልግሎት መመዘን ያለበት ያ ነገር ሳይደበዝዝ ወረቀት ላይ መድረሱ ላይ ነው፤ የሽፋን ውበት ከዚያ በኋላ የሚታይ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሐረር ገብቶ የቆየው 10 ቀን ነበር፤ ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ በማግሥቱ ዓመት ታተመ። ትዝታው ትኩስ ነበር። የከዚራው ቤት ደንበኞች የሚናገሩት ግን 30 እና 40 ዓመት ያለፈውን ነው፤ እንዲህ የራቀውን ለማምጣት ጥሩ ጠያቂ ያስፈልጋል።

ቤቱ እዚህ ላይ ይመሰገናል። ጠያቂዋ «ልጅነትህ እንዴት ነበር?» ብላ አትጀምርም። ወረቀትና እርሳስ ሰጥታ የልጅነት ቤቱን ወለል ታሥላለች፤ በሩ በየት ነበር፣ እንስራው የት ይቀመጥ ነበር፣ ማን ከማን ጎን ይተኛ ነበር። እጅ ሲሥል አፍ ይከተላል። እንስራው ጥግ ላይ ከተቀመጠ ውኃ የምትቀዳዋ ትመጣለች፣ እሷ ከመጣች ቧንቧው ጋ የነበረው ወረፋ ይመጣል፣ ከወረፋው ጠቡ ይመጣል። «ምን ተሰማህ?» የሚለው ጥያቄ የሚያመጣው «በጣም አዘንኩ» የሚል መልስ ብቻ ነው። «መጀመሪያ ያነሳኸው ዕቃ ምን ነበር?» የሚለው ግን ሙሉ ትዕይንት ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው መሣሪያዋ ፎቶ ነው፤ በመሐል ላይ ስላለው ሰው ሳይሆን ዳር ላይ ስላለው ትጠይቃለች፤ «ይሄ ግማሽ ፊቱ የተቆረጠው ማነው?» እያለች። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ያለው እሱ ጋ ነው።

አንድ የቀረጻ ቁጭታ 50 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ። ከዚያ ሲረዝም ባለታሪኩ ይደክምና በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ዓመት መዝለል ይጀምራል። ሰዓቱ ግን ሊታሰብበት ይገባል። ቤቱ የሚመርጠው ከቀትር በኋላ ነው፤ ድሬ ላይ ወሬ የሚጥመው በበርጫ (በጫት) ሰዓት መሆኑን ማን ያጣዋል። እውነትም ያኔ የሚቀዳው ጨዋታ ሕይወት አለው፤ ሳቁም፣ ዘፈኑም፣ የሰው አነጋገር እየመሰሉ መናገሩም ይመጣል። ጉዳቱ ደግሞ ቀንና ቅደም ተከተል መዛባቱ ነው፤ በምርቃና የተነገረ ዓመት በማግሥቱ ሲጠየቅ ይለወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ታሪኩን ከሰዓት በኋላ መቅዳት፣ ቀኑን፣ ስሙንና ቦታውን በሌላ ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ማጣራት። ቤቱ ይህን ሁለተኛ ቁጭታ በራሱ አይጨምርም፤ ደንበኛው መጠየቅ አለበት።

ሌላው ጣጣ ቬንትሌተር ነው። በድሬ ሙቀት ሳይከፈት አይቀመጥም፣ ከተከፈተ ደግሞ ማይኩ ላይ ወጥ የሆነ ጉርምርምታ ይተዋል፤ ያ ድምፅ ቀስ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ የቃል መጨረሻ ይውጣል። አማርኛ ደግሞ ማን ምን እንዳደረገ የሚናገረው በግሡ መጨረሻ ነው። «መጣ» እና «መጣች» መለየት ካልተቻለ ገልባጩ ይገምታል። የጣሪያውን ማጥፋት፣ የቆመውን ቬንትሌተር ከማይኩ ጀርባ ወደ ባለታሪኩ እግር ማዞር ይበቃል። የሚቀዳበት ስልክ ከአፍ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ርቆ፣ ጠረጴዛው ላይ በታጠፈ ፎጣ ተቀምጦ፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ መሆን አለበት፤ በመሐል የሚገባ ጥሪ በአንዳንድ ስልኮች ቀረጻውን ያቋርጠዋል። ጀምሮ አንድ ደቂቃ ከተቀዳ በኋላ ቆም ብሎ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ግድ ነው። ያልተጨመቀ የዋቭ ፋይል በአንድ ማይክ ሲቀዳ በሰዓት 300 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በኤምፒስሪ መካከለኛ ጥራት 60 ሜጋባይት አይሞላም። ለመጽሐፍ ሁለተኛው ይበቃል። የልጅ ልጆች ድምፁን ያድምጡ ከተባለ ግን የመጀመሪያው ይሻላል፤ ሁለት ቦታ መቀመጥም አለበት።

ወደ ጽሑፍ መገልበጡ ብዙ የሚባልለት አይደለም፣ ቤቱ በሚገባ ይሠራዋል። ደንበኛው የሚያስፈልገው መጠኑን ማወቅ ነው። አንድ ሰዓት ንግግር ከ5 እስከ 6 ሺህ ቃል ይወጣዋል፤ እሱን በጥንቃቄ ለመገልበጥ ቢያንስ 5 ሰዓት ይፈልጋል። በኤ5 መጠን አንድ ገጽ 230 ቃል ያህል ስለሚይዝ የአንድ ሰዓት ቅጂ ጥሬው 25 ገጽ ያህል ነው፤ ድግግሞሹ ሲወጣ ወደ 12 ይወርዳል። ስለዚህ 150 ገጽ የሚፈልግ ሰው ከ12 እስከ 13 ሰዓት ቅጂ ያስፈልገዋል። በ4 ሰዓት ቅጂ 150 ገጽ እንሞላለን የሚል ካለ፣ ትርፉ የሚሞላው በራሱ ቃል መሆኑን ማወቅ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እርማቱ ላይ ነው። በጎርፉ ዙሪያ የሚነገር እንዲህ ያለ ጥሬ ጽሑፍ እንውሰድ፦

«እንቅልፍ ላይ ነበርን። መጀመሪያ የሰማሁት የውኃ ድምፅ አይደለም፤ ባዶ ጀሪካን ግድግዳውን ሲመታ ነው። ድመቷ መሰለችኝ። እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ነጠላ ጫማዬ ተንሳፎ ሄዷል።»

በዚህ ቤት የእርማት ልማድ ያ ጽሑፍ የሚወጣው እንዲህ ሆኖ ነው፦

«በዚያች አሰቃቂ ሌሊት በድንገት የተከሰተው የጎርፍ አደጋ በነዋሪዎች ሕይወትና ንብረት ላይ ከፍተኛ ጉዳት አደረሰ። እኛም በከፍተኛ ድንጋጤ ተዋጥን።»

የሁለተኛው ሰዋስው የሚነቀፍ ነገር የለውም። ግን ጀሪካኑ የለም፣ ድመቷ የለችም፣ ጫማው የለም። ባለታሪኳ ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከመችው ጀሪካኑን ነበር፤ መጽሐፉም የተነሳው ከእሱ ነው። አራሚው ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም። እጁ የለመደው ደብዳቤ፣ ሪፖርትና ማመልከቻ ነው፤ «መጽሐፍ» ሲባል ከፍ ያለ ቃል ይገባዋል ብሎ ያምናል። ውጤቱ ግን ከሪፖርት የማይለይ ትዝታ ነው።

ከዚህ የባሰው የአንቱታው ጉዳይ ነው። ሐረርና ድሬ ላይ «አንተ» እና «አንቺ» ንቀት አይደሉም፤ ልጅ አባቱን፣ ተከራይ አከራዩን፣ ገዢ ሻጯን እንደዚያ ይጠራል፤ ፍቅሩም ክብሩም ድምፁ ላይ ነው። አራሚው ግን ሽማግሌ ባየ ቁጥር «እርስዎ» እያለ ይለውጣል። «አቦ፣ አንተ ሰውዬ፣ ባቡሩ እኮ ሄደ!» የነበረው «አባቴ ሆይ፣ ባቡሩ ሄዶብዎታል» ሆኖ ይወጣል። አንድ ቃል ሲለወጥ ከተማው ከገጹ ይወጣል። የኦሮምኛ፣ የሶማልኛና የሐረሪ ቃላትም በአማርኛ ተተርጉመው ይጠፋሉ፤ ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋው በነበረው ምድር ባቡር ውስጥ የኖረ ሰው አፉ ላይ የቀሩት የጣቢያና የወርክሾፕ ቃላትም እንዲሁ። ቃሉ እንደተነገረ ቀርቶ ትርጉሙ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ በአገባብ እንዲገለጥ መጠየቅ ይቻላል፤ ካልተቻለ ከመጨረሻው ላይ የሁለት ገጽ የቃላት መፍቻ ይበቃል።

ስለዚህ እርማቱን ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። አራሚው የሚነካው፦ ፊደል ግድፈት፣ ድግግሞሽ፣ የቅደም ተከተል መዛባት፣ ሥርዓተ ነጥብ። የማይነካው፦ በትእምርተ ጥቅስ ያለ ንግግር፣ የዕቃና የቦታ ስም፣ መጠሪያ፣ ርግማንና ምርቃት። መጀመሪያ 10 ገጽ ብቻ አርሞ፣ ለውጡ በቀለም ታይቶ ይምጣ። ባለታሪኩ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ምላሱ የሚደናቀፍበት ቦታ የሌላ ሰው ቃል የገባበት ነው። ቤቱ ይህን ሲጠየቅ እሺ ይላል፣ ሳይከፋውም ይሠራል። ሳይጠየቅ ግን አያደርገውም፤ ትልቁ ቅሬታም ይኸው ነው።

የዓመተ ምሕረት ነገር ለብቻው ይታይ። የሰው ትዝታ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የምድር ባቡር ወረቀት በፈረንጅ። አራሚው ሁሉንም 7 እየቀነሰ ያስኬዳል። ጎርፉ ለምሳሌ በውጭ ጽሑፎች 2006 ኦገስት ነው፤ 7 ተቀንሶ 1999 ይጻፋል፣ ስሕተት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ 8 ነው የሚቀነሰው። ጎርፉ የመጣው ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ነው። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ሲሆን በእኛው 1895 ይሆናል፤ እዚያ ላይ 7ቱ ትክክል ነው። ዘመኑን በረመዳን ወይም በአረፋ የሚያስታውስ ባለታሪክ ደግሞ በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እንደሚመጣ ታስቦ ወሩ መመርመር አለበት።

የሰው ስም ላይ ቤቱ ቸልተኛ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ጎረቤት፣ የቀድሞ ባል፣ አለቃ ይገባሉ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ማውጣትን ይከለክላል፤ አንቀጽ 31 ደግሞ የምሥጢር ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጥ ያዛል። ሳጥን ውስጥ የተገኘ የፍቅር ደብዳቤ እንዲሁ አይታተምም ማለት ነው። ፈቃድ ካልተገኘ ስም መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ ሥራው፣ ሠፈሩና የልጆቹ ቁጥር ከታወቀ ድሬ ላይ ሰውየው ይታወቃል። በዚያ ጊዜ ወደ ልብ ወለድ መውሰድ የተሻለ መንገድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ፤ በ1958 የታተመው ታላቁ ልብ ወለዳቸውም ያንን አገርና ያንን ትምህርት ያውቃል። የኖሩትን ዓለም በሌላ ሰው ስም አቆሙት። የከዚራው ቤት ይህን ምርጫ ለደንበኛው አያነሳም፤ ቢያነሳ ብዙ ቤተሰብ ከጠብ ይድናል።

ውሉ አንድ ገጽ ነው፣ ክፍያና ጊዜ ብቻ ይናገራል። ሁለት ነገር ይጨመርበት። አንደኛ፣ የድምፅ ቅጂው የማን ነው? ሥራው ሲያልቅ ለባለታሪኩ ተሰጥቶ ከቤቱ ኮምፒውተር ይጥፋ። ሁለተኛ፣ የቅጂ መብት። በአዋጅ 410/1996 መብቱ የደራሲው ነው፤ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አንዱ ተናግሮ ሌላው ሲጽፍ «ደራሲ ማነው?» የሚለው ክርክር ሊነሳ ስለሚችል፣ የገንዘብ መብቱ ለባለታሪኩ መተላለፉ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ዋጋው ከወረቀት ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ የብር ቁጥር መጥቀስ አይጠቅምም፤ አከፋፈሉ ግን መልካም ነው። ቀረጻ በሰዓት፣ እርማት በገጽ፣ ኅትመት በቅጂ ይሰላል፤ በአንድ ድምር ከሚጠይቁ ቤቶች ይልቅ ይህ ግልጽ ነው። እርማቱ ሲያበቃ ግማሹን፣ ናሙናው ጥራዝ ሲታይ ቀሪውን መክፈል ይቻላል።

ለኅትመት ማሰናዳቱ መካከለኛ ነው። ጽሑፉ በድሮው የፓወር ግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም ተጽፎ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል፤ ከመጀመሪያው በዩኒኮድ (የትኛውም ኮምፒውተር በሚያነበው የፊደል ኮድ) እንዲጻፍ ይታዘዝ። አራት ነጥብ በሁለት ኮለን የመጻፍ ልማድ አሁንም አልቀረም፤ መስመር መጨረሻ ላይ አንዱ ኮለን እዚህ ሌላው እታች ይወድቃል። በ«ፈልግና ተካ» ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ «።» መለወጥ ይቻላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ላይ ቤቱ የራሱ ሥርዓት የለውም፤ «ፀሐይ» አንድ ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። የ30 ቃል ዝርዝር ቀድሞ ሰጥቶ በዚያ ማስኬድ ነው። ፊደሉ 11 ነጥብ፣ የመስመር ርቀቱ ከ15 እስከ 16 ነጥብ ቢሆን ለዓይን ይመቻል፤ ግዕዝ ከላይም ከታችም ቦታ ይፈልጋል።

ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ሲታተም ይደበዝዛል። እንደ ፋይል ይላክ ወይም በፍላሽ ይሂድ። 10 በ15 ሳንቲሜትር የሚታተም ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 1200 በ1800 ፒክስል ያህል ሊኖረው ይገባል። በሙቀት ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ የድሮ ፎቶ አይላቀቅ፤ ከነመስታወቱ ስካን ይደረግ፣ ቢላቀቅ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራልና።

ወረቀቱ የሚታጠፈው በ16 ገጽ እጥፍ ነው። 150 ገጽ ያለው ጽሑፍ 160 ላይ ያርፋል፤ ትርፉን 10 ገጽ ለፎቶ ወይም ለመፍቻ ማዋል እንጂ ባዶ መተው አያስፈልግም። በ80 ግራም ወረቀት 160 ገጽ ጀርባው 8 ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል፤ ርእስ ለመጻፍ ይበቃል። ከጥቂት መቶ ቅጂ በታች ከሆነ ዲጂታል ኅትመት ይሻላል፣ የኦፍሴት ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ወጪ ለትንሽ ቅጂ አይከፋፈልም። ማሰሪያው ላይ ቤቱ የሚያቀርበው በትኩስ ሙጫ ብቻ የሚጣበቀውን ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ካርቶን ሙጫውን ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ገጹ መርገፍ ይጀምራል። በክር የተሰፋ ይጠየቅ፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ለልጅ ልጅ የሚቀር ነገር ነው።

አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይጠየቃል፤ ቤቱ ጉዳዩን ያስፈጽማል፣ ቁጥሩ ግን ሽፋኑ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት እጅ መግባት አለበት።

ሙሉው ኅትመት ከመፈቀዱ በፊት አንድ ናሙና ጥራዝ ይሠራ። መሐሉ ድረስ በኃይል ተከፍቶ ገጽ ይላቀቅ እንደሆነ ይታይ፤ ወደ ውስጥ ያለው ኅዳግ 20 ሚሊሜትር ካልሞላ ፊደሉ ማጠፊያው ውስጥ ይገባል። የገጽ ቁጥሩ ከ16 ወደ 17፣ ከ32 ወደ 33 ሲሻገር ሳይዘል መሄዱ ይረጋገጥ። ከዚያ ባለታሪኩ ያ ከዓይኑ ያልጠፋው ነገር ያለበትን ገጽ ፈልጎ ያንብብ። ጀሪካኑ እዚያ ካለ ይፈረም።